የመንዝ ጓሳ፤ ባለመብት የሆነ ይጠብቃል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃን ታልፎ ጣርማ በር ሲደረስ፣ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ መሐል ሜዳ የሚያመራ መንገድ አለ። መንገዱ የመንዝን ደጋ ይዞ ሲወጣ በግራም በቀኝም የሚታየው የገብስና የባቄላ ማሳ ነው። የታረሰው መሬት እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ይደርሳል፤ ድንጋይ ተለቅሞ የተከመረበት ተዳፋት ሳይቀር እርፍ ነክቶታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን እርሻ በድንገት ያልቅና ቤት የማይታይበት፣ ሞፈርና ቀንበር ያልዞረበት፣ ረጅም ሣር ብቻ የለበሰ ሰፊ ተረተር ይመጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ሥፍራ ጓሳ ይባላል።

መንገደኛው እዚህ ሲደርስ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር ይህ ሁሉ ሜዳ እንዴት ሳይታረስ ቀረ? ብርዱ ነው እንዳይባል፣ የመንዝ ገበሬ ውርጭን ተቋቁሞ ገብስ ማብቀል የለመደ ነው። መንግሥት ከልሎት ነው እንዳይባል፣ የመንግሥት ጥብቅ ሥፍራ የሚባል ነገር በአገራችን ከመኖሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጓሳ ይጠበቅ ነበር። መልሱ የሚገኘው የአካባቢው ሕዝብ በሣሩ ላይ በነበረው መብትና ከመብቱ ጋር በተሸከመው ግዴታ ውስጥ ነው።

ጓሳ ለመንዝ ገበሬ ምኑ ነው?

ጓሳ የሚለው ስም የቦታውም የሣሩም መጠሪያ ነው። ሣሩ ጉጥ ጉጥ እየሆነ በእግሩ ተሰብስቦ የሚያድግ፣ ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ የሆነ የደጋ ሣር ነው። ገበሬው ቤቱን የሚከድነው በዚሁ ሣር ነው። ገመድ ይገመድበታል፤ ጅራፍ ይሠራበታል፤ ተጎዝጉዞ ይተኛበታል። እረኛው በክረምት ዝናብና ቁር የሚከላከልበት ጌሳም የሚታታው ከዚሁ ሣር ነው። የቆርቆሮ ክዳን በየመንደሩ እየበዛ ቢሄድም፣ ቆርቆሮ መግዛት ለማይችለው ጎጆ የጓሳ ሣር አሁንም አማራጭ የለውም።

ከሣሩ ሌላ ሥፍራው የማገዶና የግጦሽ መሬት ነው። አስታና ሌሎች የደጋ ቁጥቋጦዎች ለማገዶ ይውላሉ። ዛፍ በቸገረበት በዚህ ከፍታ ማገዶ ካልተገኘ የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበት ነደደ ማለት ደግሞ ማሳው ፍግ ተነፈገ ማለት ነው። መንዝ በበግ እርባታ የታወቀ አገር በመሆኑም በርኖሱና ዝተቱ የሚሠራው ከበጉ ጠጉር ነው። የበልግ ዝናብ ሲቀርና በየመንደሩ ያለው ግጦሽ ሲያልቅ፣ ከብቱና በጉ የሚተርፈው ጓሳ ላይ በቆየው ሣር ነው። ስለዚህ ጓሳ ለመንዝ ገበሬ የክፉ ቀን ጎተራ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የጓሳ ጥቅም ከመንዝም ያልፋል። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለው ሣርና በሥሩ ያለው ጥቁር አፈር የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከዚህ ተረተር 26 ወንዞች እንደሚነሡና ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ እንደሚገብሩ ይነገራል። ሣሩ ቢነሣ ውኃው በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ይወርድና በበጋ ምንጩ ይደርቃል። በቆላ ያለው ገበሬ ጓሳን አይቶት ባያውቅም የሚጠጣው ውኃ ከዚያ ይነሣል።

በሣሩ ውስጥ የሚኖሩት የዱር እንስሳትም በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የለም፤ በአገሪቱ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ቢቆጠሩ 500 እንደማይሞሉ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ጓሳ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቻቸው አንዱ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮም በመንጋ በመንጋ ሆኖ ሣሩን እየነጨ ይውላል። በጓሳ ጭላዳዎች ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ ምርምር ሲካሄድ ቆይቷል። ተመራማሪዎቹ በ2015 ባሳተሙት ጥናት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስታውቀዋል፤ ይኸውም ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ መሆኑ ነው። ሣሩ ከሌለ አይጡም ጭላዳውም ቀበሮውም እንደማይኖሩ ግልጽ ነው።

የቄሮ ሥርዓት

ይህን ሁሉ ያቆየው ቄሮ የሚባል የቆየ የአስተዳደር ሥርዓት ነው። አመጣጡ ከ17ኛው መቶ ዘመን እንደሚነሣ ይነገራል። በአካባቢው ታሪክ መሠረት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ምድሩን ሲይዙ፣ የሚታረሰውን ለልጆቻቸው ርስት አድርገው ጓሳን ለጋራ ጥቅም ለዩት። ከዚያ በኋላ በጓሳ የመጠቀም መብት የሚገኘው በአፅመ ርስት ሆነ፤ ማለትም ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት የቻለ ሰው ባለመብት ይሆናል፤ ያልቻለ ግን አይደርስበትም።

ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው አንድ አለቃ ይመርጡ ነበር። አለቃው አባ ቄራ ይባላል። ሥራው ጓሳ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት መወሰን፣ ጥበቃውን ማደራጀት፣ ደንብ የጣሰውን መቅጣት ነው። ጓሳ አንድ ጊዜ ከተዘጋ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ሳይነካ ይቆያል። የዘመኑ ርዝመት የሚወሰነው በሣሩ እድገትና በሕዝቡ ችግር ክብደት ነበር። በዚህ ጊዜ ሣር ማጨድም ሆነ ማገዶ መልቀም ወይም ከብት ማስገባት ክልክል ነው። ጥበቃው የሚካሄደው በባለመብቶቹ ተራ ስለ ነበር፣ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ተራው ሲደርስ ወጥቶ ጓሳን ይዞራል። ተራውን ያጎደለና ከብቱን ያስገባ ይቀጣል።

ሣሩ መድረሱ ሲታወቅ ሁለቱ አለቆች ተማክረው የመክፈቻውን ቀን ይቆርጣሉ። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በበጋው ማብቂያ፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ገደማ ነው። ወሬው በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቤት ይነገራል። ቀኑ ሲደርስ ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አጨዳው ካበቃ በኋላ ከብት እንዲገባ ይፈቀዳል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን፣ ሁሉም ከብቱን ይዞ እንዲወጣ ልማዱ ያዛል። ከዚያ በኋላ ጓሳ እንደገና ይዘጋል።

የግብርና ባለሙያ ይህን አሠራር ሲመለከት በዘመናዊ የግጦሽ አያያዝ ትምህርት ከሚያውቀው ጋር አንድ ሆኖ ያገኘዋል። ሣሩ ዘር ጥሎ ሥሩ እስኪጠነክር ማረፍ አለበት፤ ቀድሞ ማጨድና ቀጥሎ ማስጋጥ ሁለት ጥቅም ያስገኛል፤ መሬቱ በዝናብ በራሰ ጊዜ ከብት ቢገባበት ኮቴው አፈሩን ይደበድበዋል። የመንዝ አባቶች ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሣሩ ጋር ኖረው ነው።

ሥርዓቱ ግን እንከን የለሽ አልነበረም። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነው ነዋሪ ከጓሳ ጥግ ጎጆ ቀልሶ፣ ብርዱንም ውርጩንም ከጎረቤቱ እኩል እየተካፈለ፣ ሣሩን ግን በዓይኑ ብቻ ያይ ነበር። ባለመብት መሆን የሚቻለው በመወለድ እንጂ በመድከም ስላልነበረ፣ ቅሬታው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፍ ነበር። ቄሮ ሣሩን በሚገባ ጠብቋል፤ ፍርዱ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም።

የ1967ቱ አዋጅና የጓሳ ዕጣ

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ፣ ለብዙ ሚሊዮን ጭሰኞች የተመኙት ቀን ደረሰ። በአዋጁ መሠረት ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለት 800 ሄክታር በሚሆን ምድር ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር ይቋቋም ጀመር፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዘር ቆጠራ ላይ የቆመው የርስት መብትም በዚያው ቀረ።

በጓሳ ዙሪያ የአዋጁ ውጤት ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነው ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጎረቤቱ ባለመብት ሆነ። ይህ ዘመናት ያስቆጠረ ቅሬታን ያስወገደ እርምጃ ነው። በሌላ በኩል የቄሮ ሥርዓት የቆመው በአፅመ ርስት ላይ ስለ ነበር፣ አፅመ ርስቱ ሲቀር ቄሮም አብሮ ወደቀ። አባ ቄራው የሚያዝዝበት ሥልጣን አጣ። ተረኛው ጠባቂ ነገ ሣሩን የሚያጭደው እሱ ስለ መሆኑ ማረጋገጫ ስለሌለው ተራውን ተወው።

ሁሉም ባለመብት ሆነ፤ ነገር ግን ሌላውን የመከልከል መብት ያለው አንድም ሰው አልቀረም። የሚዘጋበት ዘመንና የሚከፈትበት ቀን ጠፋ። ዛሬ ያልጨደው ሣር ነገ በሌላው እንደሚታጨድ ያወቀ ገበሬ ሳይደርስም ቢሆን ያጭዳል፤ የሌላው ከብት ሲገባ ያየ የራሱን ያስገባል። ይህን ያደረገው የመንዝ ገበሬ ክፉ ወይም አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት ተራውን ጠብቆ በብርድ ያደረ ያው ገበሬ ነው። የተለወጠው መብቱ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ የጓሳ አጥር የተነቀነቀው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ በቀረበት ጊዜ ነበር።

አዲሱ ደንብ

ጉዳቱ ብዙ ሳይቆይ ታየ። የክዳን ሣር የሚፈልገው፣ ማገዶ ያነሰውና በድርቅ ጊዜ ግጦሽ ያጣው ያው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ስለዚህ በጓሳ ዙሪያ ያሉት ነዋሪዎች አዲስ መላ ፈለጉ። የገበሬ ማኅበራቱ ተወካዮች ያሉበት የጓሳ ጥበቃ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ደንብም ወጣ። ሕዝቡ ይህን አዲስ አደረጃጀት እንደ እድር ቆጠረው። እድር ደግሞ የሁላችንም ቤት የሚያውቀው ነገር ነው፤ መዋጮ አለው፤ ዳኛ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፤ የደረሰበትም ይረዳል።

የአዲሱ ደንብ መሠረተ ሐሳብ ከቄሮ የተወረሰ ነው። የሚዘጋበት ጊዜ፣ የሚከፈትበት ቀን፣ ጥበቃና ቅጣት ሁሉም አሉበት። ዋናው ልዩነት ባለመብቱ ማን እንደሆነ የሚወሰንበት መንገድ ነው። በአዲሱ ደንብ ባለመብት የሚሆነው የአስቦ ወይም የጌራ ልጅ ስለሆነ ሳይሆን፣ በጓሳ ዙሪያ ባለው ቀበሌ ነዋሪ ስለሆነና ግዴታውን ስለተወጣ ነው። በዚህም የ1967ቱ አዋጅ ያመጣው እኩልነት ሳይፈርስ፣ ቄሮ ያቆየው ጥበቃ እንደገና ቦታ አገኘ።

ስለ ጓሳ ጥናት ካደረጉት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዘለዓለም ተፈራ፣ ናይጄል ሊደር ዊሊያምስ ከተባሉ የእንግሊዝ ምሁር ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ የቄሮን ታሪክና ከቄሮ በኋላ የሆነውን ለውጥ ገልጸዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የክልሉ መንግሥት፣ የወረዳው መስተዳድርና የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ ባደረጉት ድጋፍ ከሕዝቡ መካከል ጠባቂዎች ሠለጠኑ፤ ለጎብኚዎችም ማረፊያ ተሠራ። በ2012፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአማራ ክልል መስተዳድር ምክር ቤት ደንብ አውጥቶ የመንዝ ጓሳን በሕዝብ የሚጠበቅ ሥፍራ አድርጎ አጸደቀ፤ ወሰኑም ተለየ።

የዚህ የመጨረሻው እርምጃ ትርጉም ሊጤን ይገባል። ቄሮን ያፈረሰው ከበላይ የወጣ ሕግ ነበር፤ ሥርዓቱ በልማድ ብቻ የቆመ ስለነበረ ሕጉ ሲለወጥ የሚከራከርለት ወረቀት አልነበረውም። አሁን ግን የጓሳ ወሰን በሕግ ላይ ተጽፏል። ከብቱን አስገብቶ የተያዘ ሰው «ማን ብለህ ነው የምትይዘኝ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጠባቂው የሚያሳየው ነገር አለው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የጓሳ ታሪክ የመንዝ ብቻ አይደለም። በማደግ ላይ ያሉ ብዙ አገሮች ተመሳሳይ መንገድ አልፈዋል። ከእነዚህ ሁለቱን ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያዋ ኔፓል ናት። እሷም እንደ እኛ ተራራማ፣ አብዛኛው ሕዝቧ በእርሻ የሚተዳደርና በማገዶ የሚጠቀም አገር ናት። የኔፓል መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 የግል ደኖችን የመንግሥት ንብረት የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ዓላማው ደኑን ማዳን ነበር። ይሁን እንጂ የደን ጠባቂዎቹ ጥቂት ስለነበሩና በየመንደሩ የነበረው የጥበቃ ልማድ መሠረቱን ስላጣ፣ በተራሮቹ ላይ ያለው ደን ተመናመነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ መንግሥቱ ሐሳቡን ለውጦ ደኑን ለመንደር ምክር ቤቶች ማስረከብ ጀመረ። በ1993 የወጣው የደን ሕግ ደግሞ ደኑን በቀጥታ ለተጠቃሚዎች ማኅበራት አስረከበ። መሬቱ የመንግሥት ሆኖ፣ ማኅበሩ በተፈቀደለት ዕቅድ መሠረት ደኑን ይጠብቃል፤ ማገዶውንና እንጨቱን ያከፋፍላል፤ ገቢውንም ራሱ ይይዛል። ዛሬ ከ22 ሺህ በላይ የሆኑ እነዚህ ማኅበራት አሉ። ከሳተላይት በተወሰዱ ሥዕሎች ላይ የተደረገ ጥናት የአገሪቱ የደን ሽፋን በ1992 ከነበረበት 26 በመቶ ገደማ በ2016 ወደ 45 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ለዚህ የገጠር ወጣቶች ለሥራ ወደ ውጭ መሄዳቸውም ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ደኑ በተለይ የለማው ማኅበራቱ በሚያስተዳድሩባቸው ቦታዎች ነው።

ሁለተኛዋ ናሚቢያ ናት። በናሚቢያ ከነጻነት በፊት በዱር እንስሳት የመጠቀም መብት የነበራቸው የግል እርሻ የያዙ ነጮች ነበሩ። በጋራ መሬት ላይ የሚኖረው ጥቁር ገበሬ ዝሆን ማሳውን ቢያጠፋበት ይጎዳል እንጂ ከእንስሳቱ የሚያገኘው ጥቅም አልነበረውም። በ1996 የወጣው ሕግ ይህንኑ መብት ለጋራ መሬት ነዋሪዎችም ሰጠ፤ በ1998 የመጀመሪያዎቹ አራት የሕዝብ ጥብቅ ሥፍራዎች ተመዘገቡ፤ አሁን ቁጥራቸው ከ80 በላይ ሆኗል። ከጎብኚዎች የሚገኘው ገቢ ለነዋሪው መድረስ ሲጀምር አዳኝ የነበረው ሰው ጠባቂ ሆነ።

የናሚቢያ ልምድ ግን አንድ ጉድለትም ያሳያል። ሕጉ ለነዋሪው የሰጠው በዱር እንስሳትና በቱሪዝም ላይ ያለውን መብት ነው፤ በግጦሽና በመሬቱ ላይ ያለው መብት ሙሉ አይደለም። በዚህ ምክንያት ከሌላ ቦታ የመጡ ባለከብቶች ሲገቡና አጥር ሲያጥሩ ነዋሪው ለማስወጣት ተቸገረ። በሰሜን ምሥራቅ ናሚቢያ የሳን ሕዝብ የሚያስተዳድረው አንድ ጥብቅ ሥፍራ ሕገ ወጥ አጥር ያጠሩ ሰዎችን ለማስነሣት እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሟግቶ ውሳኔ ያገኘው በ2016 ነበር። ግማሽ መብት ያገኘ ጠባቂ ግማሽ ጠባቂ ብቻ እንደሚሆን ከዚህ እንማራለን።

በ2009 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብትን ለረጅም ዘመን ጠብቀው ያቆዩ ሕዝቦችን በብዙ አገሮች አጥንተዋል። የሣርን፣ የመስኖ ውኃንና የደንን አስተዳደር ከመረመሩ በኋላ የጸኑት ሁሉ የሚጋሯቸውን ነጥቦች ዘርዝረዋል። ወሰኑና ባለመብቱ ተለይተው ይታወቃሉ፤ ደንቡ ለቦታው የሚስማማ ነው፤ ተጠቃሚው ደንቡን በማውጣት ይካፈላል፤ ጠባቂው ተጠሪነቱ ለተጠቃሚው ነው፤ ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ መጠን ከቀላል ይጀምራል፤ ጠብ ሲነሣ በቅርብ የሚዳኝ አለ፤ መንግሥትም ሕዝቡ ራሱን የማደራጀት መብት እንዳለው ያውቅለታል። ቄሮን የሚያውቅ ሰው ይህን ዝርዝር ሲሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ቄሮ የጎደለው የመጨረሻውን ነጥብ ነበር፤ ከመንግሥት የተሰጠ እውቅና።

ሊታሰብበት የሚገባው

በአማራ ክልል ገበሬው የያዘውን ማሳ የሚያረጋግጥለት አረንጓዴ ደብተር አለው። በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ሰፍሯል፤ አዋሳኞቹም ተጽፈዋል። ደብተሩ ከመጣ ወዲህ ገበሬው «ነገ ይወሰድብኛል» የሚለው ሥጋት ስለቀለለለት በማሳው ላይ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል እንደሚደፍር የልማት ሠራተኞች ያውቃሉ። የወሉ መሬት ግን በብዙ ቀበሌ እንዲህ ያለ ደብተር የለውም። አዋሳኙ የሚታወቀው በሽማግሌ ቃል ነው። ሽማግሌው ሲያልፍ ወሰኑም አብሮት ያልፋል።

ሕጉም ቢሆን በወል መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ የላላ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታ መኖሩን ቢያውቅም፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ መንግሥት የወሉን ይዞታ ወደ ግል ይዞታ ሊለውጠው እንደሚችል ይደነግግ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። አዲሱን ሕግ በየቀበሌው በሥራ ላይ ለማዋል ኃላፊነት ያለባቸው ሁሉ የወል መሬትን ከግል ማሳ እኩል ለክተውና መዝግበው ለባለመብቱ ማስረከብን ቀዳሚ ሥራቸው ሊያደርጉት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ሊሸፈንም አይገባውም። ይኸውም መሬት የሌለው ወጣት ጥያቄ ነው። አባቱ ግማሽ ሄክታር ይዞ አምስት ልጆች ያሳደገ ወጣት፣ ከመንደሩ በላይ ሰፊ ሜዳ ሳይታረስ ሲያይ ድርሻዬ የታለ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ዱሮ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነው ሰው ያነሣው የነበረው ቅሬታ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ለዚህ ወጣት «ቀበሮ ይጠበቅልን» የሚል መልስ አይበቃውም። ሜዳው ቢታደለው ለጥቂት ዓመት ገብስ ያመርት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀዝቃዛው ምድር አፈሩ ይታጠብና ገብሱም ሣሩም ይጠፋል። ጥፋቱ ይህን በማስረዳት ብቻ የሚመለስ አይደለም። ወጣቱ በጥበቃው ተቀጥሮ፣ በጎብኚ ማስተናገድ፣ በበግ ማድለብና በሱፍ ሥራ ተደራጅቶ ከጓሳ እንጀራ የሚያገኝበት መንገድ ሊዘጋጅለት ይገባል። በደንብ አውጪው ኮሚቴ ውስጥም መቀመጫ ሊኖረው ያስፈልጋል። ድርሻ የሌለው ሰው ጠባቂ እንዲሆን አይጠበቅም።

የሴቶች ጉዳይም እንዲሁ ነው። ማገዶ የምትለቅመው፣ ውኃ የምትቀዳው ሴት ናት። ሣሩ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚረዝመው የእሷ መንገድ ነው። በመሆኑም ጓሳ መቼ ይከፈት፣ ምን ያህል ማገዶ ይለቀም የሚለው ሲወሰን የእሷ ቃል መሰማት አለበት።

በየወረዳው ያሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ከጓሳ የሚማሩት ብዙ ነው። አንድ ተራራ እንዲያገግም ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የችግኝ ቁጥርና የእርከን ርዝመት ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይህ ተራራ ሲለማ ሣሩን የሚያጭደው ማን ነው? ገበሬው ለዚህ መልስ ካላገኘ፣ በዘመቻ የቆፈረውን ጉድጓድ ከብቱ ሲረጋግጠው ዝም ብሎ ያያል። መልሱን ካገኘና በወረቀት ከተሰጠው ግን ችግኙ ጠባቂ አያሻውም፤ ጠባቂው ራሱ ገበሬው ይሆናል። ስለዚህ ተራራው ከመከለሉ በፊት ባለመብቶቹ ተለይተው ይጻፉ፤ ደንቡን ራሳቸው ያውጡት፤ ቅጣቱንም ራሳቸው ይወስኑ፤ ቀበሌውና ወረዳው ደግሞ ደንቡን አጽድቀው ይደግፏቸው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ አበው። ጓሳን አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ሊጠብቀው ቢነሣ ሸክም ይሆንበታል። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ባለመብት ሆኖ ሲጠብቀው ግን አራት መቶ ዓመት እንደቆየ ታይቷል። ቄሮ በፈረሰ ጊዜ የሆነውን ያዩ አዛውንት ዛሬም በመንዝ አሉ። ሣሩ መቼ እንደሚደርስ፣ የትኛው ምንጭ ቀድሞ እንደሚደርቅ፣ ወሰኑ በየትኛው ድንጋይ እንደሚያልፍ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቀበሌዎች እነዚህን አዛውንት ከወጣቱና ከሴቶቹ ጋር አንድ ላይ አስቀምጠው፣ የወል መሬታቸውን ወሰን በእግር ዞረው እንዲመዘግቡ ቢያደርጉ ለሚመጣው ትውልድ የሚያተርፉት ቅርስ ትልቅ ይሆናል። ጊዜው ሳያልፍ አሁኑኑ ሊጀመር የሚገባው ሥራም ይኸው ነው።